ሳቂታዋ የወጣች ቀን

የሚስቱ እናት ጠቅልለው ቤቱ የገቡ ሰሞን ጎሚስታውን ያስጨነቀው ወሬ ነበር። ምን ብሎ ያጫውታቸው? እሱ ቀኑን ሙሉ ከመኪና ጎማ ጋር ሲታገል የሚውል ሰው ነው። እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሙሽራ ልብስ የሰፉ፣ ሰው ሲገባ ከፊቱ ይልቅ የኮሌታውን ስፌት ቀድመው የሚያዩ ሴትዮ ናቸው።

ሚስቱ ነርስ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ የማታ ተራ ይደርሳታል። ስለዚህ ከእራት በኋላ ሳሎን የሚቀሩት ሁለቱ ነበሩ፦ እሳቸው መስኮቱ ሥር ካለው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ፣ እሱ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ እንግዳ እሱ ይመስል።

«ደህና ዋልክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እማማ?»

«ደህና።»

በቃ። ከዚያ በኋላ የሚያወራው የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነው።

አንድ ምሽት ዝምታው ሲከብደው ሪሞቱን አነሳና ጣቢያ መቀያየር ጀመረ። ኳስ የለም። ዜናው አልቋል። አንዱ ጋ ሽርጥ የታጠቁ ሰዎች ሊጥ ያቦካሉ። ሊያልፈው ሲል አማቱ «እስቲ ተወው» አሉ።

የኬክ ውድድር ነበር። ቋንቋው የባዕድ ነው፤ ትርጉሙ ከሥር ተጽፎ ያልፋል። ተወዳዳሪዎቹ በተሰጣቸው ሰዓት ይጋግራሉ፣ ዳኞች ይቀምሳሉ፣ በየሳምንቱም አንድ ሰው ተሰናብቶ ይሄዳል። ጎሚስታው መጀመሪያ «ሰው እንዴት ለኬክ ብሎ ያለቅሳል!» ብሎ ሳቀ። ጥቂት ሳምንት አለፈና የማያውቀው ሰው ክሬም ሊፈስ ሲል እሱ ከሶፋው ብድግ ብሎ ተገኘ።

የተወዳዳሪዎቹ ስም ለአፍ አልመች ስላላቸው ሌላ ስም አወጡላቸው። ዱቄት በነካ ቁጥር የሚያስነጥሰው ባለመነጽር ሰውዬ «መነጽሩ» ሆነ። ፊቱ የማይፈታው ዳኛ «ኮሶ የጠጣው» ተባለ። እንቁላል ስትሰብር እንኳ የምትስቀው ደልዳላ ሴት ደግሞ ሳቂታዋ ነች። አማቱ የእሷ ደጋፊ ሆኑ።

«ከሁሉም እሷን በምን ወደዷት?» አላቸው።

«እጇን እየው። ሲበላሽባት አይንቀጠቀጥም። እኔ በወጣትነቴ አንድ እጅጌ ጠምሞብኝ እንደሆነ እህል ባፌ አይዞርም ነበር። ስንቱን ቀን በከንቱ ጦሜን ዋልኩ!»

ስለ ራሳቸው ሲነግሩት የመጀመሪያቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ውድድሩ የሚተላለፍበት ረቡዕ ሲመጣ ጎሚስታው ሥራ ቤቱን በጊዜ ይዘጋል። ጎረቤቱ መካኒክ «ምን ጉዳይ ነው በየረቡዑ?» እያለ ሲነዘንዘው አመለጠውና እውነቱን ተናገረ። በማግስቱ ሠፈሩ ሁሉ «ኬኩ» ይለው ጀመር። ቅር አላለውም።

«ጽሑፉን አሳነሱት እንዴ?» አሉ አማቱ አንድ ረቡዕ።

አላሳነሱትም። ልጃቸው ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። የዓይን ሞራ ቢሆን በቀዶ ጥገና ይነሣ ነበር፤ የእሳቸው ግን የዓይን ነርቭ ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም እየደከመ ይሄዳል ተባለ። ሌላ ሐኪም ደግሞ እስኪያያቸው ድረስ ተስፋቸውን አልቆረጡም።

ጎሚስታው ጽሑፉን ያነብላቸው ጀመር። መጀመሪያ እንደ ተማሪ እየተንተባተበ፤ በኋላ ግን ንባቡ ብቻ አልበቃ አለ።

«ምን ዓይነት ቀለም ነው የቀባችው?»

«ቢጫ።»

«ቢጫማ ስንት ዓይነት አለ! የሎሚ ነው የቅቤ?»

ጎሚስታው ተጠግቶ አየ። «የቅቤ… አይ፣ ጠርዙ ላይ የሎሚ ነው።»

እንዲህ እያለ ማየት ተማረ። ዕድሜውን ሁሉ ሲዳስሰው የኖረው ጎማ እንኳ ጥቁረቱ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ያኔ ነው ያስተዋለው፤ አዲሱ ሰማያዊ ይነካዋል፣ ያረጀው አመድ ይመስላል። ይህን ለመካኒኩ ቢነግረው «ኬኩ፣ ዛሬስ ለየልህ» አለው።

ሁለተኛው ሐኪምም ያንኑ ቃል የደገመው አንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። አማቱ ከሆስፒታል ተመልሰው ምሳ ላይ ለልጃቸው «የስፌት መኪናዬን ለሚሰፋበት ሰው ስጪው» አሏት።

በዚያው ምሽት ሳቂታዋ ከውድድሩ ወደቀች።

ከሥር የተጻፈው ግልጽ ነበር። ጎሚስታው አነበበው፤ ከዚያ ወንበራቸው ላይ ኩምትር ብለው ጆሯቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ የቀሰሩትን ሴትዮ አየ። «የዛሬው ተሰናባች መነጽሩ ነው» አለ። እንዴት ከአፉ እንደወጣ ራሱም አያውቅም።

«ተመስገን» አሉ። «የኔዋስ?»

«የእርስዎማ አለች።»

ውሸት አንዴ ከተጀመረ ቀለብ ይፈልጋል። በሚቀጥለው ረቡዕ «ሳቋ የታለ?» ሲሉት «ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቷል» አለ። ከዚያም አለፈና ከራሱ እየፈጠረ ይጋግርላት ጀመር። ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ ሠራላት፤ በእንጆሪ ከበበው፤ ኮሶ የጠጣውን ሁለቴ አስቀመሰው። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ጎሚስታው እንደዚያ ምሽት ደስ ብሎት አያውቅም።

ወዲያው ከቴሌቪዥኑ ኃይለኛ ማስነጠስ ተሰማ። ደግሞ ሌላ።

አማቱ ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ። «የተባረረው ሰውዬ እዚያ ምን ያስነጥሰዋል?»

ጎሚስታው ሪሞቱን አንስቶ ድምፁን ቀነሰ።

«አንተን እኮ ነው። ሳቂታዋ የለችም፣ አይደል?»

«የለችም፣ እማማ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሐኪም ቤት ከመጡበት ቀን።… አሳዘኑኝ።»

ከሁሉም የከፋው ይህ ቃል ነበር። ተነሡ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ እስከ በራቸው ሄዱ፤ ሊደግፋቸው ሲል እጁን መለሱት። «የደከመው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬም ልቤም ደህና ናቸው» ብለው በሩን ዘጉ።

የሚቀጥለው ረቡዕ ከክፍላቸው አልወጡም። ጎሚስታው ብቻውን ተቀመጠ። ጽሑፉ ያልፋል፤ እሱ የሚያነብለት ሰው የለም። አንዱ ቸኮሌት ሲያቀልጥ «ልክ እንደ…» ብሎ ጀመረና ወንበሩ ባዶ መሆኑን አይቶ አቆመ። ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

«እናቴን ምን አድርገሃት ነው?» አለች ሚስቱ የእረፍት ቀኗ ሲደርስ። ነገራት። መጀመሪያ በሳቅ ፈነዳች፤ ከዚያ ግን ሳቋን ገታ አድርጋ፣

«እናቴ እኮ ሙሽራዋን ቀሚሱ ካላማረባት ፊት ለፊት ነው የምትነግራት» አለች። «ደንበኛ ያጣችውም በዚህ ነው፣ ያገኘችውም በዚሁ። አንተ ደግሞ እንደ ሕፃን አባበልካት።»

ጎሚስታው ነገሩን ሲያብላላው ዋለ። ማታ የአማቱን በር አንኳኳ።

«እማማ፣ ሳቂታዋ እንዴት እንደወጣች ልንገርዎት? እንዳለ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ።»

«ግባ» አሉ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ነገራቸው። ኬኩን ሳይበስል አወጣችው፤ መካከሉ ጥሬ ነበር። እሷ ግን አላወቀችም፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደረበችው። ዳኞቹ እየመጡ ሳለ የላይኛው መንሸራተት ጀመረ። በሁለት እጇ ደገፈችው። እየደገፈችው በጣቶቿ መካከል ወረደ፣ ጠረጴዛው ላይ ዝርግፍ አለ።

«አለቀሰች?»

«አላለቀሰችም። የራሷን ኬክ አየት አደረገችው። ከዚያ ጣቷ ላይ የቀረውን ክሬም ላሰችና፣ ‹ጣዕሙስ ደህና ነበር› አለች። በሳቅ ተንከተከተች። እማማ ይሙቱ፣ ኮሶ የጠጣው ሳይቀር ሳቀ! ጥርስ እንዳለው ያን ቀን ነው ያየሁት።»

የአማቱ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጎሚስታው ደነገጠ፤ የሚያለቅሱ መስሎት ነበር። እየሳቁ ነው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ እንባው ግን ሳቁ ካበቃ በኋላም ወዲያው አልቆመም።

በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉና «ይህን ነው የደበቅኸኝ?» አሉ።

«ይህን ነው።»

«ከሁሉ የሚጣፍጠውን! አንተ ምስኪን፣ ያንን የእንጆሪ ዝባዝንኬህን እያጎረስከኝ ይህን ከለከልከኝ?»

ውድድሩን እስከ መጨረሻው አብረው ተከታተሉ። አሸናፊው መነጽሩ ሆነ፤ አማቱ ደግሞ ፍርዱን እስካሁን አልተቀበሉም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ረቡዕ ጭር አለ። ጎሚስታው ነጥቦቹ ጎድጎድ ብለው የተቀረጹ ዶሚኖ ፈልጎ አመጣ፤ መርፌ የለመደው ጣታቸው ቁጥሩን ለማንበብ ጊዜ አልፈጀበትም። አማቱ ደጋግመው ተሸነፉ፤ በተሸነፉ ቁጥርም ተቆጡ። እሱ ደግሞ ልቡ እየፈራ ማሸነፉን ቀጠለ።

አንድ ምሽት አማቱ የመጨረሻ የዶሚኖ ድንጋያቸውን ጧ! አድርገው አሳረፉና «ጨረስኩ» አሉ።

ጎሚስታው ጠረጴዛውን ትክ ብሎ አየ። እውነት ነው፣ ጨርሰዋል።

«አውቀህ ለቀህልኝ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«እስቲ እጅህን አምጣ።» የቀሩትን ድንጋዮች ከመዳፉ ወሰዱና ጊዜ ወስደው አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። ጠረጴዛው ላይ ካሉት ጫፎች ጋር የትኛውም አይገጥምም ነበር።

«እውነትም አቅቶህ ነው» አሉና ድንጋዮቹን ወደ እሱ ገፉለት። «በል በውዝ።»