ሞገድ አመላላሹ ጡረተኛ

የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አባባ ፖስታ» የሚላቸው እኒህ አዛውንት ዕድሜያቸውን የፈጁት ደብዳቤ በማመላለስ ነው። ከዚያ ሥራ ሁለት ነገር ተርፎላቸዋል፤ ዝንፍ የማይል እርምጃና ያገኙትን ሁሉ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ የመንሳት አመል። የመጀመሪያው ከጡረታ አስነሥቶ ሥራ አስቀጠራቸው፤ ሁለተኛው ከዚያው ሥራ ሊያስባርራቸው ደረሰ።

ቀጣሪያቸው የገዛ ልጃቸው ናት። መሐንዲሷ የምትመራመረው ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው የገመድ አልባ ሞገድ፣ ማሰራጫው እየተንቀሳቀሰ ሳለ፣ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ነው። ይህ ሞገድ ቅምጥል ነው፤ ግድግዳ ያስቀይመዋል፣ የሰው ገላ ያስኮርፈዋል። አባት ማሰራጫውን ደረታቸው ላይ ታጥቀው በመሥሪያ ቤቷ ኮሪደር ይራመዳሉ፤ መቀበያው ከወዲያኛው ጫፍ ቆሞ ይጠብቃል፤ ልጅ በጎን ክፍል ተቀምጣ በኮምፒውተሩ ላይ የሞገዱን ጥንካሬ የሚያሳየውን መስመር ትከታተላለች።

ችግሩ ኮሪደሩ ሰው አለማጣቱ ነው። ሒሳብ ሹሟ ብቅ ስትል አባባ ጎንበስ፤ አንቴናው ወደ ወለሉ፣ መስመሩ ወደ ገደሉ።

«አባዬ! ደግሞ ማንን ነው?»

«ሒሳብ ሹሟን ነዋ። ጉንፋን ይዟት ሰንብቷል፤ ዝም ብዬ ልለፋት?»

«እለፋት! ዛሬ አንድ ንጹሕ ልኬት ካላገኘሁ፣ ከነገ ጀምሮ የሚሸከምልኝ ጋሪው ነው።»

ጋሪው በሞተር የሚሽከረከር፣ ጥግ ላይ የቆመ ቆርቆሮ ነው። አባባ በጎሪጥ አዩት። በዚህ ዕድሜ በጎማ መተካት ከሞት የከፋ ውርደት ሆኖ ታያቸው።

ለመጨረሻው ሙከራ ልጅ ሠራተኛውን ሁሉ ለምና በየክፍሉ አስገባች፤ በሮቹም ተዘጉ። አባባ ከንፈራቸውን ነክሰው ተነሡ። መስመሩ እንደ ሐር ክር ሳይበጠስ ተጓዘ። ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው መስመሩ ዘጭ አለ።

እየሮጠች ወጣች። ኮሪደሩ ጭር ብሏል። አባቷ ግን በጫፉ ካለው የመስታወት በር ፊት እንደ ተጎነበሱ ናቸው።

«አሁንስ ማን አለ?»

አባባ ቀና ሲሉ፣ ደረቱን በሽቦ የታጠቀ አንድ ሽበታም ከመስታወቱ ውስጥ አፍጥጦ ተመለከታቸው።

«ትልቅ ሰው ፊት ለፊት ሲመጡብኝ ምን ላድርግ? እሳቸውም እኮ አጸፋውን መለሱ፤ ጨዋ ሰው ናቸው!»

ልጅ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ሳቅ ነው። ይሁንና ከቃሏ አላፈገፈገችም፤ በማግስቱ ማሰራጫው ጋሪው ላይ ተጫነ። አባባ በሒሳብ ሹሟ በር ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ። ጋሪው በፊታቸው ሽው ብሎ ሲያልፍ፣ ልጃቸው እንድትሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለሒሳብ ሹሟ ነገሯት፦

«አየሽልኝ? እንኳን ሰላም ሊለን ዞርም አላለ። አሳዳጊ የበደለው!»