ካትራሜው እንጂ ማስቲሹ አልነበረም

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አጎቴ ጋሽ በቀለ ሚኒባሱን ታቦር ሰፈር ባለው ቤታችን በር ላይ አቁሞ ስሜን ጠራ። በደሌ የሚጀምረው ከዚያች ሰዓት ነው። እናቴ አታውቀውም። የንስሐ አባቴም አያውቁትም፤ ፊታቸው ቀርቤ ትንንሹን ብቻ ተናግሬ ተመልሻለሁ። ለእናንተ የምናገረው ፊታችሁን ስለማላየው ይሆናል።

ዘመኑ ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ነው። ጋሼ ከመናኸሪያ ታቦር የሚመላለስበት ሚኒባስ ሞተሩ ደህና ነበር፤ ላሜራው ግን እንደ ባዶ በርሜል ይጮሃል። ተሳፋሪ «ወራጅ አለ!» ሲል ጋሼ አይሰማም። ሰው ከሰፈሩ አልፎ ይወርዳል፣ ይሳደባል፣ «ሹፌር፣ ሻሸመኔ ልትወስደን ነው እንዴ?» ይላል። የዚያን ቀን ጠዋትም አንዲት እናት «ጆሮህን ይክፈትልህ!» ብለውት ወርደዋል።

«እርግማን ይሁን ምርቃት እስካሁን አልገባኝም» አለና ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ኬሚስትሪ የተማርሽ ነሽ። ይህን ጩኸት የሚያፍን ርካሽ ነገር ምረጪልኝ። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን አቅሜ አይችለውም።»

እኔን! እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን ሳላነሳ የተመረቅሁ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ። ጎረቤቶቻችን «ጨዋ ናት» ይሉኛል። እኛ ሰፈር የማትናገር ልጅ ጨዋ ናት፤ ዝም ያሰኛት ጨዋነት ይሁን ፍርሃት የሚጠይቅ የለም። የኔ ፍርሃት ነበር። እና አሁን አንድ ሰው የማውቀውን ጠየቀኝ!

ያ ሳምንት እንዴት ያለ ሳምንት ነበር! ያገኘሁትን ብረት ሁሉ እያንኳኳሁ አዳምጥ ጀመር። ትሪ ገልብጬ ጀርባው ላይ ስፖንጅ ለጥፌ አንኳኳሁ፤ ያው ጩኸት ነው፤ ደግሞም ስፖንጅ ውኃ ይይዛል፣ ክረምት ሲመጣ ላሜራውን ያዝገዋል። አሮጌ ምንጣፍ ሞከርኩ፤ ትንሽ ይሻላል። የጎማ ቁራጭ ሞከርኩ፤ ደህና ነው፣ ግን ይከብዳል።

«ከሰው ጋር መነጋገር እምቢ ብላ ከትሪ ጋር ጀመረችላችሁ!» አለች እናቴ።

ከዚያ እዚሁ እኛው ዘንድ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ውስጥ፣ የቤት ጣሪያ ውኃ እንዳያሳልፍ የሚነጠፈውን እንደ አስፋልት ሬንጅ ባለ ጥቁር ካትራሜ የተነከረ ጥቅል አየሁ። ቁራጭ ለምኜ ወሰድኩ። ትሪው ላይ ለጥፌ ሳንኳኳው «ዱብ» አለ። ጩኸቱ ሞተ! ብቻዬን ግቢ ውስጥ ዘለልኩ። በማግስቱ ሱቁ ተመልሼ ጥቅሉን ስጠይቅ ሻጩ «ለስንት ክፍል ቤት ነው?» አለኝ። «ለመኪና ነው!» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ።

ሥራውን የያዘው ማቲዎስ ነበር። መናኸሪያ አካባቢ በጥቃቅን ተደራጅቶ ባገኛት የቆርቆሮ ሱቅ የመኪና ወንበርና ኮርኒስ ይሠራል። ገና መጀመሩ ስለነበር ደንበኛ አልነበረውም። ጋሼ መኪናዋ ስታልቅ ባለሚኒባስ ጓደኞቹን ሰብስቦ ሊያሳይለት ቃል ገባ። ከወደዷት ሁሉም ወደ እሱ ይመጣሉ፤ ካልወደዷት ያለ ደንበኛ ይቀርና ሱቋን ለሰጡት መልሶ ያስረክባል። ይህን እኔም አውቅ ነበር። አስምሬ እጽፈዋለሁ፤ አውቅ ነበር።

ማቲዎስ ቀልደኛ ነው። ቁራጩን የለጠፍኩበትን ትሪ አንኳኩቶ ሲያዳምጥ ዓይኑ በራ። «ዶክተር፣ ይህን ነገር አማቴ ላይ ብለጥፈው ይሠራል?» አለኝ። ዶክተር! አንገቴን ደፍቼ ሳቅሁ፤ ደስታው ግን ሌሊቱን ሁሉ አብሮኝ አደረ።

አሁን ወደ በደሌ ልምጣ። ሥራው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ጥንቃቄዬ አላስችል አለኝና ማቲዎስ ከሚያጣብቅበት ማስቲሽ ጥቂት ተቀብዬ አንድ ቁራጭ የግቢያችን የብረት በር ላይ ለጠፍኩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ በሩን ሲያግለው፣ ሄጄ አየሁ። ካትራሜው ቀልጦ በበሩ ላይ ይወርዳል። ማስቲሹ ብረቱን እንደያዘ ነው። የቀለጠው እኔ የመረጥኩት ነው። አየሁት። በጣቴ ነካሁት። ጥቁሩን ከጥፍሬ ሥር አጥቤ አወጣሁት።

ምን ነበረበት ብናገር? «ጣሪያው ላይ አይሁን፣ ወለሉ ላይ ብቻ ይሁን» ማለት ስንት ቃል ነው? እኔ ግን ክረምት እየገባ ነው አልኩ። ኮርኒስ ይሸፍነዋል አልኩ። እውነቱ ሌላ ነው፤ ዶክተር መባል ጣፍጦኝ ነበር። በሩን በቢላ ፋቅሁት፣ በላምባ ወለወልኩት፣ ዝም አልኩ።

መኪናዋ አለቀች። ጋሼ ሊያሳይ ከመውሰዱ በፊት ማልደን፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ዞር ዞር አልን። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «ወራጅ አለ» ስትል ጋሼ ሰማና ፍሬኑን ረገጠው። ሁላችንም ወደ ፊት ተፈነቸርን፣ ሁላችንም ሳቅን። «ቀስ ብለሽ ተናገሪ ልጄ፣ አሁን እሰማለሁ!» አለ። ልቤ ልትፈነዳ ደረሰች።

ቀትር ላይ መናኸሪያ፣ ጥላ የሌለበት ቦታ ቆመን፣ የጋሼ ጓደኞች፣ ባለንብረቶቹ፣ እየገቡ በሩን ዘግተው ጣሪያውን ያንኳኳሉ። ጣሪያው መጀመሪያ ሸተተ፤ ቀጥሎ ኮርኒሱ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፋ። ከዚያ ጥቁር ጠብታ በአንድ አዛውንት ነጭ ጋቢ ላይ ዱብ አለ።

«ማቲዎስ፣ ኮርኒስ ነው የሠራኸው ወይስ አስፋልት አነጠፍክልን?» አለ አንዱ። ሳቁ እስከ ትኬት መቁረጫው ተሰማ።

ጋሼ ተቆጣ። «ማስቲሹን በቤንዚን አቅጥነኸዋል! ለሽርፍራፊ ሳንቲም ብለህ አዋረድከኝ!»

«ኧረ ጋሼ፣ ልጆቼን ይንሳኝ፣ ጠብታ አልጨመርኩም!» ማቲዎስ ይህን እያለ የሽማግሌውን ጋቢ በሸሚዙ እጅጌ ይጠርጋል። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። እኔ ዝም ብያለሁ። እዚህ ላይ ብቻ አብቅቶ ቢሆን ዓይናፋር ናት፣ ፈርታ ነው ትሉኝ ነበር። እኔም እቀበላችሁ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ግን ጋሼ ወደ ማቲዎስ ሱቅ ይዞኝ ሄደ። ባለንብረቶቹ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። «እኔን ካላመንከኝ እሷን ስማ» አለው። «ይህች ልጅ ጨዋ ናት። ዋሽታ አታውቅም፣ እንኳን ውሸት ቃልም አይወጣት።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔም ተናገርኩ። እኔ! ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ማስቲሽ በቤንዚን ሲሟሟ የመያዝ ኃይሉ እንዴት እንደሚደክም፣ ሙቀት ሲነካው እንዴት እንደሚለቅ፣ አንድ በአንድ አስረዳሁ። የተናገርኩት ስለ ሌላ ማስቲሽ ቢሆን እውነት ነበር። አንዱ ራሱን ነቀነቀ፣ ሌላው «ተምራለች!» አለ። በሕይወቴ እንደዚያ የሰማኝ ሰው አልነበረም። ጉንጬ በደስታ ይነድ ነበር፤ በኀፍረት አይደለም፣ በደስታ! ይህን ደስታ ምን ልበለው? ፍርሃት አላስዋሸኝም። ለዓይናፋርነቴ አትዘኑልኝ።

ባለንብረቶቹ አንድ በአንድ ሄዱ። ማቲዎስ የማስቲሹን ቆርቆሮ አነሣ፣ አሸተተ፣ በጣቶቹ አሽቶ አየው።

«እሷ ካለች ይሆናል» አለ። «ከሻጩ ቀጥኖ መጥቶብኝ ይሆናል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ዶክተር፣ አንቺንም አሳፈርኩሽ። ይቅር በይኝ።»

ይቅር አልኩት።