በሆሣዕና ዋዜማ የመጣው ስልክ

ከሰው አገር ለሦስት ወር ዕረፍት በመጣን በሁለተኛው ሳምንት፣ ባለቤቴ ቁርስ ላይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው «እትዬን ምን አድርጌያት ነው?» አሉኝ። እትዬ የምንላት ታላቅ እህታቸው ናት፤ ላንቻ ትኖራለች። ሁለት ጊዜ ልንጠይቃት ሄደን ሁለቱንም ጊዜ ከእኔ ጋር ብቻ አውርታ ሸኝታናለች። ወንድሟ መስቀል ሲያወጡላት ተሳልማ፣ ፊታቸውን ሳታይ ተቀመጠች።

«እርጅና ይሆናል» አልኳቸው። ምክንያቱን ግን አውቅ ነበር።

ያን ቀን ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ያረፍነው ካዛንቺስ፣ ልጃችን ቤት ነው። ወጣሁ። የማውቃቸው ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሰፍቷል፤ ለምልክት የያዝኩት ዳቦ ቤት የለም። እስከ ስታዲየም በእግሬ ሄጄ ላንቻ የሚል ታክሲ ውስጥ ገባሁ፤ ሳይሞላ ወረድኩ።

«እማማ፣ ሁለት ሰው እኮ ነው የቀረው!» አለችኝ አጠገቤ የነበረች ሴት።

ባለቤቴ ቄስ ናቸው። በአንዲት የዓረብ ከተማ የእኛን ሰዎች ሰብስበው በኪራይ አዳራሽ ሲያገለግሉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ምእመናኑ አብዛኞቹ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። በከተማው ሌላ ቄስ የለም፤ ቅዳሴ ደግሞ በአንድ ቄስ አይቀደስም። ስለዚህ ለልደትና ለትንሣኤ ከሌላ ከተማ አንድ ወጣት ቄስ ይመጣና ሶፋችን ላይ ያድራል። ሴቶቹ ከአሠሪዎቻቸው ለምነው ፈቃድ የሚያገኙት ለእነዚያ ሁለት በዓላት ነው። ከሁለቱ ቄሶች አንዱ ከጎደለ ወራት ጠብቀው የመጡት ሳይቆርቡ ይመለሳሉ።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በሆሣዕና ዋዜማ፣ እትዬ ደወለች። በዓል ሲቃረብ ባለቤቴ ስልካቸውን ለእኔ ትተው ነው የሚውሉት። «እማዬ ደክማለች። ንገሪው፣ ይድረስላት» አለችኝ። «እሺ» አልኩ። አልነገርኩም።

በማግሥቱ ባለቤቴ እንደ ሥርዓቱ ፍትሐት አደረሱ። በሰሙነ ሕማማት ለሞተ ሰው ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፉ ሁሉ በሆሣዕና ዕለት አስቀድሞ ይጸለያል። ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ዘንባባዬን ሳጥፍና ስዘረጋ ተበጠሰብኝ።

አማቴ ሐሙስ ዐረፉ። እትዬ ስትደውል ያነሣሁት ያን ጊዜም እኔ ነኝ። «ለቀብር እንኳ አይመጣም?» አለች። «ትንሣኤን ትተው መምጣት አልቻሉም» አልኳት።

ለባለቤቴ የነገርኳቸው ከበዓሉ ማግሥት ነው። «ታማ ነበር?» አሉኝ። «ድንገት ነው» አልኩ። ለእትዬ ሲደውሉ አላነሣችላቸውም፤ ሐዘኑ ነው ብለው ተዉት፤ ከዚያ በኋላ የምትደውለው ለእኔ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አልቆረብኩም። ቄስ ለሚስቱ የንስሐ አባት አይሆንም። ወጣቱ ቄስ ደግሞ ከባለቤቴ እግር ሥር የተማረ ነው፤ ካልሲውን ያጠብኩለትን ልጅ «አባቴ ይፍቱኝ» ማለት አልሆነልኝም። ሴቶቹ ሲጠይቁኝ ጉልበቴን አመካኝ ነበር። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ጠየቁኝ፤ ሁለተኛ አልጠየቁኝም።

ከታክሲው እንደወረድኩ ወደ ቂርቆስ ሄድኩ። የዱሮው የንስሐ አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጆሯቸው ከብዷል። አጠገባቸው ተንበርክኬ በሹክሹክታ ጀመርኩ።

«ጮክ በይ ልጄ! እግዜርስ ይሰማሻል፤ ያልሰማሁሽ እኔ ነኝ።»

ዙሪያዬን አየሁ። ሁለት ሴቶች ራቅ ብለው ይጸልያሉ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሁሉንም ተናገርኩ።

«ለሴቶቹ ብዬ ነው አባቴ።»

«ለሴቶቹ ብቻ?»

«ባለቤቴ ከሄዱ የሚመለሱ አልመሰለኝም። ብቻዬን እዚያ መቅረት ፈራሁ።»

ይህን ለራሴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። አባ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ነካ ነካ አደረጉ። «ነገሩ የእኔ አይደለም፤ የባልሽና የእህቱ ነው። መጀመሪያ ለባለቤቶቹ መልሺ። ቀኖናሽን ከዚያ መጥተሽ ትወስጃለሽ።»

ቅዳሜ ባለቤቴን ይዤ ላንቻ ሄድኩ። እትዬ ሻይ ልታቀርብ ስትነሣ «ተቀመጪ» አልኳትና ለሁለቱም ነገርኳቸው።

«አንቺ ሴትዮ!» አለች እትዬ። «አራት ዓመት ወንድሜን በስልክ ስረግምልሽ ‘አይዞሽ’ እያልሽ ስታጽናኚኝ ነበር እኮ! እማዬን ደወል ሳይደወልላት፣ ዕጣን ሳይታጠንላት ቀበርናት። ልጇ ቄስ ሆኖ!»

ባለቤቴ ወደ እህታቸው ዞሩ። ቀስ ብለው «የደወልሽው ቅዳሜ ነው?» አሏት።

«ቅዳሜ።»

«እንግዲያው እሑድ ፍትሐት ሳደርስ እማዬም ነበረችበት።»

«ስሟን ሳትጠራ?»

«ስሟን ሳልጠራ።»

እትዬ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ከዚያ ሻዩን አመጣችና የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለወንድሟ ሰጠች። ለእኔም ሰጠችኝ፤ ስኳር አልጨመረችልኝም።

ስንመለስ ባለቤቴ ታክሲው ውስጥ ከፊት ተቀመጡ። ሳምንቱን ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላናገሩኝም። «ይቅር ብዬሻለሁ» አላሉም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ቀኖናዬን ተቀብዬ መስገድ ጀመርኩ።

የመመለሻችን ቀን ሲቃረብ፣ ባለቤቴ ወደ ሰው አገር ለላኳቸው የቤተ ክርስቲያን አባቶች ደብዳቤ ሲያስጽፉ ከጓዳ ሰማሁ። ሁለተኛ ካህን ካልተመደበ አልመለስም የሚል ነው። ልጃችን ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ «አባዬ፣ ምክንያቱን ምን ብለን እንጻፍ?» አለቻቸው።

«በከተማው ንስሐ የምትገባበት ያጣች ምእመን አለች ብለሽ ጻፊ» አሉ።

መልሱ ገና አልመጣም። ሻንጣውን ሁለት ጊዜ ሞልቼ ሁለት ጊዜ አራግፌዋለሁ። ጠዋት ስግደቴን ስጨርስ እስከ ስታዲየም እሄድና እመለሳለሁ።