ከኋላ የሚሄደው ኦጁሉ

ኦጁሉን አንድ ወር ሙሉ ጠረጠርኩት። በባዶ ሜዳም አልነበረም። ምክንያቴን ቀን እየጠቀስኩ በደብተር ጽፌ፣ ማስረጃ አድርጌ ይዤው ነበር።

መጠርጠር ሥራዬም ነው። ዕዝራ እባላለሁ፤ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ የወባ ተውሳክ ስፈልግ እውላለሁ። ፊቴ የሚቀርብ ሰው ሁሉ፣ ደሙ ነጻ ነው እስኪባል ድረስ፣ ለእኔ ተጠርጣሪ ነው። ከጎንደር ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ፤ ሻይ ቤት ስገባ ግን ዛሬም ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ነው የምቀመጠው። ቤተ ክርስቲያንም የምቆመው ከሁሉም መጨረሻ ነው። ከኋላዬ ሰው ሲኖር አልወድም፤ ባሕርዬ ነው፣ ምን ላድርግ።

ኦጁሉ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ኢታንግ አካባቢ፣ ባሮ ዳር ያደገ አኙዋ፤ ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር። ቧንቧ ጠግኖ ሲጨርስ ወዲያው ዕቃውን ሰብስቦ አይሄድም። የከፈተውን ውሃ እያየ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ይላል። የጤና ጣቢያችንን መታጠቢያ ሊሠራ መጥቶ እንደዚያ ቁጭ ብሎ ሳለ ነው የተዋወቅነው። ስልኬ ላይ የከፈትኩትን ጨዋታ አየና "እኔም እጫወታለሁ" አለኝ።

ጨዋታው አምስት ሰው ከአምስት ሰው በኢንተርኔት የሚገጥምበት ነው። እያንዳንዱ በስልኩ አንድ ተዋጊ ይይዛል፤ በማይክ እየተነጋገሩ ጫካ ለጫካ አልፈው የተቃራኒውን ግንብ ያፈርሳሉ፤ የሞተ ተዋጊም ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይነሳል። ቡድናችንን "ባሮ" ብለነዋል፤ ካፒቴኑ እኔ ነኝ። አንዱ ልጅ ወደ ጅማ ሲቀየር ኦጁሉ በምትኩ ጀማሪ አመጣብን። ኛዱዋል ትባላለች፤ ከማታር የመጣች የኑዌር ልጅ ናት፤ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ትሠራለች።

"ሆቴሉ ቧንቧ ልሠራ ሄጄ አየኋት" አለን። "የማታውቃቸው ሰዎች ጨዋታው ውስጥ ሲሰድቧት ነበር። ልትተወው ነው። ከእኛ ጋር ትማር።"

እኔ ጀማሪ አልወድም። ከመቱ ከተማ ልጆች ጋር ውድድር ይዘን ነበር፤ ጀማሪ ይዞ መግጠም ደግሞ ሽንፈትን ቤት ድረስ መጥራት ነው። ከእኛ ጋር በተጫወተችበት የመጀመሪያ ቀን ኛዱዋል ስምንት ጊዜ ሞተች። ኦጁሉ ግን "ጥሩ ነው፤ ትናንት ከእነዚያ ተሳዳቢዎች ጋር አሥራ አንድ ነበር" አላት። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ትዕግሥቱ በዛብኝ፤ በነጻ እንዲህ የሚታገሥ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሴት ፈልጎ ነው እንዳልል፣ ሚስቱንና ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያይ ሰው ነው። ወገኑ ናት እንዳልል፣ እሱ አኙዋ፣ እሷ ኑዌር፤ ይህ ከተማ በሁለቱ መካከል ስንት ክፉ ቀን እንዳየ ሁላችንም እናውቃለን፣ አፍ አውጥተን አናወራውም እንጂ። ታዲያ ምን ፈልጎ ነው?

አንድ ቀን ነቃሁበት። ኦጁሉ ከኛዱዋል ፊት ሄዶ አያውቅም። እሷ ጫካው ውስጥ ስትገባ እሱ አሥር እርምጃ ያህል ከኋላዋ ይቀራል። ጠላት ዘሎ ይመታታል። ኦጁሉ በማይክ "ወደ እኔ ውረጂ፣ ወደ እኔ" ይላታል። ሳትደርስ ትሞታለች፤ ያን ጊዜ እሱ ብቅ ብሎ እሷን ሲመታ የደከመውን ጠላት ይጨርሰዋል። ነጥቡም የእሱ ይሆናል። ባደግሁበት አገር የሚያውቅ ሰው ፊት ቀድሞ መንገድ ያሳያል። የማያውቀውን የሚያስቀድም ሰው ነገር አለው። ደብተሬን አወጣሁ፤ በዘጠኝ ቀን ውስጥ እሷ ቀድማ ሞታ እሱ ነጥብ የወሰደበትን ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት ሆነ። ደስ አለኝ፤ አዎ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ድልድዩ አጠገብ ያለ ጁስ ቤት ሁላችንም ተሰበሰብን። እኔ እንደ ልማዴ ግድግዳውን ይዣለሁ። ኛዱዋል ለመጀመሪያ ጊዜ ደፍራ ብዙ አወራች።

"እኔ እዚህ ከተማ ስድስት ወር ሆነኝ" አለች። "ሆቴል ውስጥ ሁሉም 'ሪሴፕሽን' ነው የሚለኝ። ስሜን የሚጠራኝ እናንተ ብቻ።"

ይህን ሰምቼ ዝም ማለት ይገባኝ ነበር። ደብተሩን ገለጥኩና ሃያ ሦስቱንም በየቀናቸው አነበብኩ። "ኦጁሉ የሚወድሽ እንዳይመስልሽ" አልኳት። "መንጠቆ ላይ እንደሚሰካ ትል ነው የሚጠቀምብሽ። ከኋላ የሚቆመውም ለዚህ ነው።"

ኦጁሉ ብርጭቆውን ያያል። አልተከራከረኝም፤ ዝምታውን ሃያ አራተኛ ማስረጃ አድርጌ ያዝኩበት።

"እውነት ነው?" አለችው ኛዱዋል።

"ከኋላሽ መቆሜ እውነት ነው" አላት።

የማንጎ ጁሷን ግማሽ ትታ ተነሳች። እኔ ቤቴ ሳልደርስ ስሟ ከቡድኑ ዝርዝር ጠፍቶ ነበር። ኦጁሉ ስንለያይ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ነገ ከቸርች በኋላ ልጄን ይዤ ወንዝ እወርዳለሁ። አንተም ና። ደብተርህን ያዝ።"

የምሄድበትን ለጎረቤቴ ነግሬ ሄድኩ፤ ሰው ምን እንደሚያስብ አይታወቅም። በጋ ስለሆነ ባሮ ቀንሶ አሸዋው ወጥቷል፤ ሰው ገላውንም ልብሱንም ያጥባል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ውሃውን ከድልድዩ ላይ ሆኜ ነው የማየው፤ አዞ አለበት ይባላል። ኦጁሉ የስምንት ዓመት ልጁን ልድያን ውሃው ወገቧ ላይ በሚደርስበት ቦታ አቆማት፣ ፊቷን ውሃው ወደሚመጣበት አድርጎ። እሱ ደግሞ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ታች፣ ውሃው ወደሚሄድበት ወርዶ ከኋላዋ ቆመ።

ልጅቷ እጇን እያወራጨች ትንሽ ዋኘች። ከዚያ ውሃው አሸነፋትና ተገለበጠች። እኔ ጮህኩ። ኦጁሉ ከቦታው አልተነቃነቀም። "ወደ እኔ ውረጂ" አላት። ውሃው ራሱ አምጥቶ ደረቱ ላይ አሳረፋት፤ የጠጣችውን ተፋችና እየሳቀች እንደገና ልትሞክር ሄደች።

"ለምን ከፊቷ አትቆምም?" አልኩት።

"ከፊቷ ከቆምኩ ውሃው ሲወስዳት ማን ይይዛታል?" አለኝ። "እኔን አባቴ እንዲህ ነው ያስተማረኝ።"

"ኛዱዋል ግን ሃያ ሦስት ጊዜ ሞታለች!"

"ያልሞተችውንስ ቆጥረሃል?"

እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ተውሳክ ያገኘበትን ስላይድ ብቻ መዝግቦ፣ ነጻውን ሳይቆጥር፣ ከተማው በሙሉ ታሟል ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ተማሪ ቢመጣብኝ ከክፍሉ ነው የማስወጣው።

"ትናንት ለምን አልተናገርክም?" አልኩት።

"ብናገር ታምነኝ ነበር?"

አላምነውም ነበር። ቤቴ ገብቼ ጨዋታው የሚያስቀምጣቸውን የቪዲዮ ቅጂዎች አንድ በአንድ መልሼ አየሁ። ኛዱዋል ወደ እሱ ወርዳ የተረፈችው ስልሳ አንድ ጊዜ ነበር። ከዚያ ውስጥ አሥራ ሰባት ጊዜ እሱ በእሷ ፋንታ ሞቷል። አፈርኩ፤ ከኦጁሉም ይልቅ እሷ ትታ የሄደችው ያ ግማሽ ብርጭቆ ዓይኔ ላይ ቀረብኝ።

ሰኞ ሆቴሉ ሄድኩ። ኛዱዋል ከመዝገቧ ቀና ሳትል "ክፍል ይፈልጋሉ?" አለችኝ። በ"እርስዎ" ስትጠራኝ ያኔ ነው የጥፋቴ ልክ የተሰማኝ።

"ኛዱዋል" አልኳት። "ተሳስቼ ነው። ኦጁሉ ምንም አላደረገሽም። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ስሟን ስጠራ ቀና አለች። "አስባለሁ" አለችኝና ወደ መዝገቧ ተመለሰች።

ሐሙስ ወደ ቡድኑ ተመለሰች፤ ማይኳን ግን ዘግታ። ጥፋቴን ልካስ ብዬ ኦጁሉን "የአንተን ቦታ ዛሬ ስጠኝ" አልኩትና አሥር እርምጃ ከኋላዋ ተከተልኳት። ጫካው አፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። በጽሑፍ መጣብኝ፦

"ለምን ከኋላዬ ነህ?"

"ከመቱሽ ልይዝሽ" ብዬ ጻፍኩላት።

"ከኋላ የሚቆም ሰው ትል ነው የሚሰካው። አንተ ነህ ያልከው።"

ቃሉ የእኔ ነው፤ በገዛ ደብተሬ ያስተማርኳት። እኛ ቆመን ስንጻጻፍ ግንባችን እየተደበደበ ነው። "ኦጁሉ፣ አንተ ንገራት እንጂ" አልኩ በማይክ። ኦጁሉ ዝም አለ፤ ቧንቧ ጠግኖ ቁጭ ሲል እንደሚለው ዝም።

"አንተ ቅደም" ብላ ጻፈች። "እኔ ከኋላ።"

ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ። ቤቴ ውስጥ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣ የያዝኩት ስልክ ነው፤ ሆኖም ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ። ልትበቀለኝ ነው፣ አስገብታኝ ቆማ ስሞት ልታይ ነው አልኩ። ቢሆንስ? አይበዛብኝም። አልፌያት ጫካው ውስጥ ገባሁ።

ሦስት ሆነው ወጡብኝ። የመጀመሪያው ምት ግማሽ ጉልበቴን ወሰደው፤ ሁለተኛው የቀረውን ሊጨርሰው ምንም አልቀረውም። መኖሯን ለማረጋገጥ ወደ ኋላ ልዞር አልኩ፤ ግን ተውኩት። ከቅዳሜ ወዲህ ተዘግቶ የቆየው ማይክ ሲከፈት ሰማሁ።

"ካፒቴን" አለች ኛዱዋል፣ "ወደ እኔ ውረድ።"

ወረድኩ።