ኦዲተሩ የሚስቱን ላፕቶፕ ያሻሻለ ዕለት

የሰፈራችን ኦዲተር በሕይወት ዘመኑ «ይቅርታ» የምትባለውን ቃል ከአፉ አውጥቶ አያውቅም። መንገድ ላይ ሰው ሲገፋ «እዚህ ጋ መቆም አልነበረብዎትም» ይላል። ተሳስቶ ስልክ ሲደውል፣ ያነሳውን ሰው ይቆጣል። የሌላውን መሥሪያ ቤት ጉድለት ለማውጣት ሲሆን ግን ማን እንደ እሱ! ግለ ሂስ የሚባለው ነገር ለሌላው ሰው የተፈጠረ ይመስለዋል።

ሐሰት አልናገርም፤ ሚስቱን ሲያስቀይም ጥፋቱ ይገባዋል። አፉ አልታዘዝ ስለሚለው ግን እጁን ይልካል። አንድ ነገር ይጠግናል። በእናቷ ላይ አጉል ንግግር ተናግሮ ሲያበቃ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ፈታ፤ ቧንቧው ዛሬም ድረስ በሁለት እጅ ነው የሚዘጋው። የልደቷን ቀን ሲረሳ የቁም ሳጥኑን በር አስተካከለ፤ በሩ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያስነጥስ ይከፈታል። እዚያ ቤት የገባ አስተዋይ እንግዳ የጋብቻቸውን ታሪክ ከብሎኖቹ ላይ ሊያነበው ይችላል። ሚስቱም መፍቻ ይዞ ሲንጎዳጎድ ስታየው «ገባው» ትልና ትታረቀዋለች። የእሷ ጥፋት ይኼው ነው፤ አስለመደችው።

በዚህ መሀል ነገሩ ከረረ። ሚስቱ ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። የክፍሉ ኃላፊ ቦታ ሲለቀቅ ተወዳደረች፤ ለመጨረሻው ዙር ደግሞ ላቦራቶሪውን እንዴት እንደምትመራ የሚያሳይ ዕቅድ በኮሚቴ ፊት እንድታቀርብ ተጠራች። ከሥራ መልስ ላፕቶፗ ላይ ተደፍታ ከረመች። እህቷና የእህቷ ባል እራት ሊበሉ የመጡ ዕለት ታዲያ ወሬው ወደ ውድድሩ ዞረ። ኦዲተሩ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ዋጠ፤ ከዚያ «ምን ችግር አለው፣ ለልምድ ይሆናታል» አለ።

ኩርፊያ ሆነ። ተራ ኩርፊያ እንዳይመስላችሁ። «ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው» የሚል ነገር ካስፈለገ ለግድግዳው ይነገራል፤ ግድግዳው ለሚመለከተው ያስተላልፋል።

ኦዲተሩ የሚጠገን ነገር ፍለጋ ቤቱን ዞረ። ሁሉንም ከዚህ በፊት አበላሽቶታል። የቀረው ላፕቶፗ ብቻ ነበር።

እሷ ዕቅዷን ልታቀርብ አንድ ቀን ሲቀራት ነው እንግዲህ፣ ሥራ ስትሄድ ጠብቆ ላፕቶፑን የከፈተው። አዲሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ደርሷል የሚል ማስታወቂያ ብቅ አለ። እሷ ስንት ጊዜ «ቆይቶ» ብላ አልፋዋለች። ኩባንያዎቹስ ቢሆኑ! «አሁን» ወይስ «ቆይቶ» ብለው ይጠይቁሃል፤ «ተዉኝ» የሚል ቦታ አያስቀምጡም። ይህን ምርጫ ብለው ይጠሩታል። ኦዲተሩ «አሁን» የሚለውን ነካ። ማሽኑ ይፈጥንላታል፣ ትደሰታለች፣ ነገሩ ያለ ቃል ያልቃል፤ ስሌቱ ይህ ነበር።

ስክሪኑ ላይ «ኮምፒውተሩን እንዳያጠፉ» የሚል ተጽፏል። ሰውዬው እንጀራው የሰው ሰነድ ማንበብ ነው። አነበበው። ከጽሑፉ በላይ ያለችው ክብ ስትዞር፣ ስትዞር ቆየችና አልሄድ አለች። ማሽኑ ደክሞት ነው፣ ትንሽ ይረፍ ብሎ አጠፋው።

ከዕረፍቱ አልተመለሰም። ሲያበራው ይጠቁራል፣ ሰማያዊ ገጽ ያሳያል፣ መልሶ ይጠቁራል። ቻርጀሩን ነቀለ፣ ሰካ። ኪቦርዱ ላይ እፍ አለበት። ፀሐይ ይምታው ብሎ መስኮት ላይ አቆመው። በመጨረሻ በትራስ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ኮምፒውተር ጠጋኙ ሮጠ።

ጠጋኙ ምን እንደደረሰ ሲጠይቀው «በራሱ ነው» አለ። ጠጋኙ ተነፈሰ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለው።

«ጋሼ፣ በራሱ የሚሞት ላፕቶፕ እስከዛሬ አልመጣልኝም። የነኩትን ይንገሩኝና ሁለታችንም እንረፍ።»

እየቆራረጠ ተናገረ። ጠጋኙ ማሽኑን በፍላሽ አስነስቶ ከመረመረው በኋላ ፋይሎቹ ውስጥ እንዳሉ፣ ግን እንደተቆለፉ ነገረው። ቁልፉ ረጅም ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ያለው በላፕቶፑ ባለቤት ኢሜይል ውስጥ ነው። ያለ እሱ ማድረግ የሚቻለው ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ብቻ ነው። የዕቅዱ ቅጂ ሌላ ቦታ አለ ወይ ብሎ ጠየቀው። ኦዲተሩ አያውቅም። ለማወቅ መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ለመጠየቅ ደግሞ መነጋገር።

ኢሜይሏን ለመክፈት ሲሞክሩ ኮድ ወደ ስልኳ ተላከ። መደወል ግድ ሆነ። ጠጋኙ እየሰማ እንዲጽፍ ስልኩ ስፒከር ላይ ተደረገ፤ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ደንበኞችም ወሬያቸውን አቋርጠው ጆሯቸውን ሰጡ።

«አሁን ስልክሽ ላይ የገባውን ቁጥር አንብቢልኝ» አላት። ከስንት ቀን ዝምታ በኋላ፣ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ለማንም እንዳትሰጪ ይላል» አለች ሚስቱ።

«እኔ ማንም ነኝ እንዴ?»

«እሱን ነው እያሰብኩ ያለሁት። አጭበርባሪዎቹ እንኳ ሲደውሉ እንደምን ዋልሽ ይላሉ።»

ለደኅንነት ነው አላት። የማን ደኅንነት እንደሆነ ጠየቀችው። የሁላችንም አለ። አንደኛው ደንበኛ በአፍንጫው ሳቀ። ጠጋኙ የኮዱ ጊዜ እያለቀ መሆኑን በእጁ ያመለክታል፤ ኦዲተሩ ስለ ኢንተርኔት ወንጀል መስፋፋት ገለጻ ጀምሯል። ኮዱ ሞተ። ጠጋኙ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ሌላ ኮድ አስላከ።

«ሁለተኛ መጣ፤ ኢሜይልሽ ሊከፈት ነው ይላል» አለች። ድምጿ ተለወጠ። «ላፕቶፔን ምን አደረግከው?»

ኦዲተሩ ጠጋኙን አየ፣ ደንበኞቹን አየ፣ ጣሪያውን አየ። የሚፈታ ብሎን በአካባቢው የለም።

«አበላሸሁት» አለ። «ላሻሽልልሽ ብዬ… ያኔ እራት ላይ ያልኩትን… እንዲያው… ይቅርታ።»

ያቺ ቃል ወጣች። ጣሪያው አልወደቀም።

«ዕቅዴ አለ?» አለች ሚስቱ።

«አለ እትዬ፣ ኮዱን ከሰጡኝ አለ» አለ ጠጋኙ።

«አንተ ማነህ?»

«ጠጋኙ ነኝ።»

«እንግዲህ የምሰጠው ለአንተ ነው፤ ለእሱ አይደለም» ብላ አነበበችለት።

ቁልፉ ተገኘ፣ ተጻፈ፣ ፋይሎቹ ተከፈቱ። ጠጋኙ መጀመሪያ ዕቅዱን ፍላሽ ላይ ገለበጠ፤ ከዚያ ያ ሁሉ ማሻሻያ ተቀልብሶ ማሽኑ ወደ ድሮው ተመለሰ። አሁን ቢዘጋም ምንም አይሆንም ቢለው ኦዲተሩ አላመነም። ላፕቶፑን እንደተከፈተ በሁለት እጁ ይዞ፣ ሾርባ እንደሞላ ሳህን እየተጠነቀቀ፣ በመኪናና በሰው መሀል እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄደ። ሰው ሁሉ እየዞረ ያየዋል። የበሩ ጥበቃ ምን እያሳየኝ ነው ብሎ ስክሪኑን አጎንብሶ አየ።

ሚስቱ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ወጣች። ሰላም አላለችውም። እዚያው ቆማ ዕቅዷን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አገላበጠች። ፍላሹንም ተቀብላ ኪሷ ከተተች። ከዚያ ቀና አለች።

«ዛሬ ማታ ሥራ አለብኝ፣ እንዳታናግረኝ። ነገ አቅርቤ ስጨርስ ስለዚያ እራት እንነጋገራለን» አለች። «በስፒከር ያልከውን ደግሞ ያለ ስፒከር ትደግመዋለህ።»

ኦዲተሩ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ሰው በሌለበት መድገም አስፈላጊነቱ ምንድን ነው ሊል እንደነበር ፊቱ ላይ ያስታውቃል። አላለም። «እሺ» አለ፤ እሷም ላፕቶፑን ዘግታ፣ ብብቷ ስር ይዛ ወደ ላቦራቶሪዋ ተመለሰች።