የአክስቴ መቅረዞችና የአጎቴ ምርመራ

ነገሩ የጀመረው አክስቴ ካረፈች በኋላ፣ በአርባዋ ማግስት ነው። ሁለት ዓመት አልፎታል። ያልረሳሁት አንዲት ቃል ለመናገር ያን ያህል ጊዜ ስለፈጀብኝ ነው፤ በመጨረሻ ስናገራት ምን እንዳተረፍሁ አንባቢ ይፍረድ።

አክስቴ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ የአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ቤት ሠራተኛ ነበረች። አብዮቱ ሲፈነዳ ፈረንጆቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ እመቤቲቱ ሁለት የሻማ መቅረዞች ሰጥታት ሄደች። ቁመታቸው ስንዝር ተኩል ነው። ነጭ ሆነው ያብለጨልጫሉ፤ ከሥራቸው ጥቃቅን የፈረንጅ ፊደላት ታትመውባቸዋል።

እኔ ያደግሁት አክስቴ ዘንድ ነው። ስድስተኛ ክፍል ስጨርስ በእግር በሚረገጠው የስፌት መኪናዋ ልብስ መስፋት አስተማረችኝ። ከዚያ ወዲህ የምንበላው በዚያ መኪና ነበር።

በየበዓሉ ዋዜማ መቅረዞቹን በሎሚና በአመድ የምወለውል እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን የአንደኛው እግር ጠርዙ ላይ ቢጫ ሆኖ አየሁትና ያበላሸሁት መስሎኝ ደነገጥሁ። አክስቴ ሳቀች። ውስጡ ነሐስ ነው፣ ብሩ ላዩን የተቀባ ነው፣ እመቤቴ ራሷ ነግራኛለች አለችኝ። "ደህና ብር ቢሆን ለእኔ ትታው ትሄድ ነበር?" አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አክስቴ ልጅ አልነበራትም። ወራሾቿ ሐሙሲት የሚኖሩት ወንድሟና በሟች እናቴ ፈንታ እኔ ነበርን። አጎቴ፣ እኅታቸው አራት ወር ስትታመም ሥራ በዝቶባቸው አልመጡም። ለክፍፍሉ ዕለት ግን ሥራው ቀለል ብሎላቸው በጧቱ አውቶቡስ ደረሱ።

ቤቱ የቀበሌ ነው። የሚካፈል ነገር ቢኖር መኪናውና መቅረዞቹ ነበሩ። አጎቴ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ዓይናቸውን መኪናው ላይ ጥለዋል። ለሴት ልጄ ነው ይላሉ። ልጃቸው መርፌ ላይ ክር ማስገባት አትችልም፤ መኪናው ያስተምራታል ብለው ይሆናል። እኔ መኪናውን ካጣሁ ሰው ቤት ከመቀጠር በቀር መንገድ አልነበረኝም። ይህን ለማስረዳት ግን አፌ አልከፈት አለ። ሰው ፊት ስቆም ቃል ይጠፋኛል፤ ከልጅነቴ እንዲህ ነኝ።

የሚያካፍሉን ሽማግሌዎች እስኪመጡ አጎቴ መቅረዞቹ ብር መሆን አለመሆናቸውን ሊመረምሩ ተቀመጡ። በዚህ ሙያ የሚያህላቸው እንደሌለ ራሳቸው ነገሩኝ። መጀመሪያ ነከሱት። ቀጥለው ከኪሳቸው ጠገራ ብር አውጥተው፣ አንዴ ብሩን አንዴ መቅረዙን እየመቱ፣ እንደ ሐኪም ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ድምፁን አልወደዱትም። ፊደላቱን ገልብጠው አዩ፤ ማንበብ ባይችሉም፣ ፈረንጅ ለውሸት ዕቃ ማኅተም አያደርግም ብለው ትንሽ ተጽናኑ። በመጨረሻ ሰንጢያቸውን መዘው የአንዱን እግር ፋቁት።

ቢጫው ወጣ።

አጎቴ ጋቢያቸውን መቅረዞቹ ላይ ጣል አድርገው ተነሡና በሩን ዘጉ። ይህን ሌላ ማን ያውቃል ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

"አያ፣ አክስቴ እንደነገረችኝ..."

"ዝም በይ። እሷ ምን ታውቃለች? ፈረንጇ መንግሥት እንዳይወርስባት ወርቁን ብር አስቀብታዋለች። እንደ ብር ያልጮኸው ለምን መሰለሽ?"

ታዲያ ለምን ጥላው ሄደች እንዳልላቸው መልሱን ቀድመው አዘጋጅተዋል፤ ኬላ ላይ እንዳትያዝ ታማኝ ሰው ዘንድ አስቀምጣው ነው። ስድስት ዓመት ስማር እንዲህ ለሁሉም ጥያቄ መልስ ያለው ሰው አልገጠመኝም።

ነሐስ የምትለው ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። ግማሿን የዋጠብኝ ዓይነ አፋርነቴ ነው። ግማሿን ግን፣ አልዋሽም፣ መኪናው ነው።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አጎቴ ቆመው ተናገሩ። "ይህች የሙት ልጅ ናት። መኪናውን እሷ ትውሰድ። ለእኔ እነዚህ አሮጌ መቅረዞች ለእኅቴ መታሰቢያ ይበቁኛል።" ድምፃቸው ተቆራረጠ። አንደኛው ሽማግሌ እንባቸውን ጠርገው፣ እንዲህ ያለውን አጎት ያብዛልን ብለው መረቁ። እኔም ጉልበታቸውን ሳምሁ። ምን ላድርግ?

ሁለት ዓመት ሙሉ መቅረዞቹን ለአንጥረኛ አላሳዩም። አንጥረኛ ያወራል፣ ወሬው ቀበሌ ይደርሳል፣ ወርቁ ይወረሳል ብለው ጎተራ ውስጥ ጤፍ ሥር ቀበሯቸው። ባሕር ዳር በመጡ ቁጥር ወደ እኔ ጎራ ብለው በአዘኔታ ያዩኛል። እኔም ዓይኔን ከጨርቁ ላይ አላነሣም። እንጀራዬን በማታለል ያገኘሁት እየመሰለኝ ሳፍር ኖርሁ።

ባለፈው ሳምንት ባለ ኪስ መቀነት እንድሰፋላቸው መጡ። አዲስ አበባ ገዢ አግኝተዋል። መቅረዞቹን ሆዳቸው ላይ አስረው የዓባይ በረሃን ፍተሻ ሊያልፉ ነው። በነሐስ ሰበብ እስር ቤት ሲገቡ ታየኝ፤ መቀነቱን የምሰፋው ደግሞ በዚያው መኪና ነው። እግሬ መርገጡን እንቢ አለኝ።

"አያ፣ ነሐስ ነው" አልሁ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። "ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ከፈለጉ መኪናውን ይውሰዱት።"

አጎቴ አልተቆጡም። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

"ይቆጭሻል፤ አውቃለሁ። ግን አንዴ ተካፍለናል። ይልቅ ስፌቱን ድርብ አድርጊው።"

ድርብ አደረግሁት። ነሐሱ ሆዳቸውን እንዳይወጋቸውም በውስጥ በኩል ወፍራም አቡጀዲ ጨመርሁበት። ትናንት ጧት በአዲስ አበባው አውቶቡስ፣ በአንድ ሌሊት ወፍረው፣ ተሳፈሩ።

አሁን ማፈሬን ትቻለሁ። የሚቆጨኝ እስከ ዛሬ ያፈርሁት ነው። ለአጎቴም እምብዛም አልሠጋም፤ ገዢው ነሐስ ነው ሲላቸው የእሱንም ትከሻ መታ መታ አድርገው፣ የማይመቀኝ ገዢ ፍለጋ መሄዳቸው አይቀርም።