ከፈረሱ ጥርስ በፊት

በዳንግላ የፈረስ ተራ ከእኔ የሚበልጥ ደላላ አልነበረም። የሚስተካከለኝ አንድ ነበር፤ እሱም ሥራውን ያሳዩኝ ጋሽ ስሜነህ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት ከሱቅ ታፔላና ከስኳር ጆንያ ላይ ነው። ይኸው ዛሬ በገዛ እጄ እጽፋለሁ፣ ያውም ያለ መነጽር። አማርኛና አዊኛ እኩል እናገራለሁ። ጎረቤት ሲጣላ፣ ልጅ ሲዳር፣ “ይርሳውን ጥሩት” የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን የምጽፈው ተራው ላይ ለቀራችሁት ወጣት ደላሎች ነው። እናንተ የፈረስ ፎቶ በስልክ ትልካላችሁ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራ ትፈታላችሁ። የእኛ ኔትወርክ ምላሳችን ነበር። ዝናብ አያቋርጠውም።

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ጋሽ ስሜነህ “ዛሬ ቁምና እይ” አሉኝ። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ መቆም የማልችል ጎረምሳ ነበርሁ። ከአንድ ገበሬ ፊት ተገትሬ ስለ ፈረሱ ለፈለፍሁለት፤ ስለ ደረቱ፣ ስለ ጋማው፣ ስለ ሶምሶማው። ሰውየው እስክጨርስ ታገሠኝና “ይህን ያህል ካወቅኸው ያንተ ይሆን እንዴ? እኔ ሰርቄው ይሆናል” ብሎ ፈረሱን እየሳበ ሄደ። ተራው ሁሉ ሳቀ።

ጋሽ ስሜነህ አልሳቁም። “ፊት ለፊት የሚቆም ተከራካሪ ነው” አሉኝ። “ጎኑ ቁም። እሱ የሚያየውን እይ። ያን ጊዜ ዘመድ ትመስለዋለህ።” ሌላው ይህን ለማወቅ ዓመታት ይፈጅበታል። እኔ በዚያው ቀን ገባኝ።

የሥራው ሥርዓት እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ባለቤቱ ሰላም ይባላል፤ ቤቱ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ይጠየቃል። ከዚያ ፈረሱ ጥርሱ ታይቶ ዕድሜው ይገመታል። ቀጥሎ ኮቴው ይነሣል፣ ፈረሱ ይራመዳል። ዋጋ መጨረሻ ነው። ሲስማሙ ሻጩ የራሱን ገመድ ፈትቶ ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ ገዢው ባመጣው ገመድ ያስራል። ገመድ ከሄደ የቤት በረከት አብሮ ይሄዳል ይባላልና፣ ገመዱን የሚሰጥ ሻጭ በሥራ ዘመኔ አላየሁም። ከአንድ ሰው በቀር።

ያ ሰው አያ ቢተው ናቸው። ቤታቸው ከእንጅባራ በላይ ዳገቱ ላይ ነው። በጉግስ የታወቁ ጋላቢ ነበሩ። ጉልበታቸው ሲከዳቸው ዳማ ፈረሳቸውን ሊሸጡ ዳንግላ ድረስ ያመጡት ጀመር። በየገበያው ያመጡታል፣ በየገበያው ይመልሱታል። “ለጋሪ አልሸጥም” ይላሉ። በዚያ ዘመን ደግሞ ፈረስ የሚገዛው ባለጋሪ ብቻ ነበር። የገዛ ልጃቸው እንኳ እንጅባራ ላይ ባጃጅ ይነዳል። ደላሎቹ ተስፋ ቆርጠው “የሽርሽር ፈረስ” አሉት።

ሙላት የሚባል የዳንግላ ባለጋሪ ነበር። ትጉ ሰው ነው፤ አፉ ግን አልተሠራም። በዚያ ክረምት ፈረሱ ሞተበት። ጋሪው ደጁ ላይ ሁለት ክንዱን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ቆመ። የሚስቱ ወንድም “እንጨቱን አንድደው፣ አንተም ትልቅ ከተማ ወርደህ ቀን ሥራ ፈልግ” ይለዋል። ሙላት ከልጆቹ ተለይቶ መሄድ አልፈለገም። ተራው ላይ ያሉት ፈረሶች ወይ አንካሳ ናቸው፣ ወይ ዋጋቸው አይቀመስም። በአቅሙ የነበረው ያ ዳማ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከጭንቀቱ ብዛት እየሮጠ መጥቶ፣ አለንጋውን በብብቱ እንደያዘ፣ አያ ቢተውን ሰላም ሳይል የፈረሱን አፍ ከፈተ።

አያ ቢተው ጎንበስ ብለው የራሳቸውን አፍ ከፈቱለት። “ና፣ የእኔንም እይ” አሉት። “አብረን የመጣን መስሎኝ! እኔን ሰላም ሳትል ፈረሴን ታስዛጋለህ?”

“አያ፣ ቸኩዬ ነው…”

“ቸኩለህ ሂዳ!”

ፈረሱን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በሚቀጥለው ገበያም አልመጡም። ሙላት እኔ ዘንድ መጣ።

“ጋሼ ይርሳው፣ አለቀልኝ” አለኝ።

“አላለቀም” አልሁት። “እኔን እስክታገኝ ነው የጠፋኸው። ነገ እንሄዳለን። አለንጋ አትይዝም። ገመድም አትይዝም።”

“ገመድ ሳይዙ ፈረስ ግዢ?”

“ገመድ ይዞ የሰው ደጅ የገባ፣ ሳይጠይቅ ወስዷል ማለት ነው። ስለ ዋጋም ትንፍሽ እንዳትል። የምትለውን እኔ አስጠናሃለሁ።”

በሚኒባስ እንጅባራ እስክንደርስ አስጠናሁት። የታረመ ነገር ነበር፤ ይቅርታው፣ ምስጋናው፣ ተስፋው በየቦታው። ዛሬ ቢጻፍ ለሠርግ ይነበባል።

አያ ቢተው አጥራቸው ሥር ቆመው ፈረሱን ያያሉ። እኔ በአዊኛ ሰላም ብዬ፣ ቤቱን ሁሉ ጠይቄ፣ ጎናቸው ቆምሁ። እኔም ፈረሱን አየሁ። ሙላት ከኋላችን ቆሟል።

“ኮቴው አድጓል” አልሁ በመጨረሻ።

“ጎንበስ ብሎ መቆየት አቃተኝ” አሉ። “ልጁም ባጃጁን እንጂ ፈረስ አይጠርግም።”

ሚስታቸው እትዬ ጥሩነሽ ከደጃፍ ሆነው፣ “እሱና ፈረሱ እንዲሁ እየተያዩ ያረጃሉ!” አሉ። “አንደኛቸው ቢሄድልኝ የቱ እንደሆነ እንኳ አልመርጥም ነበር።”

ሙላት ወደፊት መጣ። ያስጠናሁትን ይጀምራል ብዬ ጠበቅሁ። “አያ፣ ይፍቀዱልኝ” ብቻ ብሎ ተንበረከከ፤ ኮቴውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከኪሱ ባወጣው ቢላዋ ይጠርብ ጀመር። ፈረሱ አልተቆጣም። አራቱንም ጨረሰ። አያ ቢተው እጁን ያያሉ፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ።

“ለጋሪ አልሸጥም” አሉ አያ ቢተው፣ ሙላት ሲነሣ።

“ልክ ነዎት” አልሁ። “እኔም ብሆን አልሸጥም።”

ዞር ብለው አዩኝ። የሚሟገት ደላላ ጠብቀው ነበር። እኔ ግን የተዘጋ በር አልገፋም፤ ከበሩ ጎን እቀመጣለሁ።

ጥቂት ቆይተው ሙላትን፣ “የሞተብህ ፈረስ፣ ማን ትለው ነበር?” አሉት።

“መከታ።” ሌላም ሊል ጀምሮ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

ሌላ ደላላ ቢሆን እዚህ ላይ አፉን ይከፍት ነበር። ልጆቹን፣ ችግሩን፣ የቆመውን ጋሪ ይዘረዝር ነበር። እኔ ዝም አልሁ። ምላሴ እያሳከከኝ ዝም አልሁ። በሥራ ዘመኔ ከተናገርሁት ሁሉ ይበልጥ የምኮራው በዚያች ዝምታ ነው።

“ጭቃ ላይ፣ ዳገት ላይ ምን ታደርጋለህ?” አሉ አያ ቢተው።

“እወርዳለሁ። የተሳፈረውንም አወርዳለሁ።”

“አልወርድም ካለስ?”

“ጋሼ ይርሳውን እጠራለሁ።”

እትዬ ጥሩነሽ ከት ብለው ሳቁ። አያ ቢተውም ፈገግ አሉ። ዋጋውን እሳቸውና ሙላት ቶሎ ጨረሱት፤ እኔ መሐል መግባት እንኳ አላስፈለገኝም።

ከዚያ አያ ቢተው ገመዳቸውን ፈትተው ያዙ። ፈረሱ ባዶ አንገቱን ቆመ። ሙላት ባዶ እጁን ቆመ። እኔ ሰማይ ሰማይ አያለሁ።

“ገመድህስ?”

“አላመጣሁም፣ አያ። ሰው ደጅ በገመድ አልገባም ብዬ።”

“ስጠው እንጂ ሰውየው!” አሉ እትዬ ጥሩነሽ። “ዳንግላ ድረስ ጆሮውን ይዞ ይሂድ?”

አያ ቢተው ገመዷን በእጃቸው አገላበጡ። ከቆዳ የተገመደች፣ ከመያዝ ብዛት የለሰለሰች ናት። ኋላ ራሳቸው መልሰው አሰሩለት። “አልሰጠሁህም፤ አበደርሁህ” አሉ። “ትመልሳታለህ። በሰው እንዳትልካት። ራስህ፣ ፈረሱን ይዘህ።”

ሙላት ዳንግላ ድረስ በእግሩ ሄደ፤ አልጋለበውም። አያ ቢተው መንገዱ እስኪታጠፍ ቆመው አይተውታል።

ከዚያ ወዲህ ሙላት በየመስቀሉ ፈረሱን አጥቦ ወደ ዳገቱ ይወጣ ነበር። ገመዷን ሲዘረጋላቸው አያ ቢተው ኮቴውን አንሥተው ያያሉ፤ “ዛሬ እጄ ሞልቷል፣ ለከርሞ አምጣት” ይላሉ። እስኪሞቱ ድረስ አልተቀበሉትም።

ዛሬ ተራው ሳስቷል። ጥቂት ፈረስና ብዙ ባጃጅ ነው ያለው። አንዳንዴ ሄጄ ጋሽ ስሜነህ ይቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ እቆማለሁ። የሚያውቀኝ ሰላም ይለኛል፤ የማያውቀኝ ስልኩን ያያል።

የምነግራችሁ ይህን ነው። ከፈረሱ ጥርስ በፊት ባለቤቱን ሰላም በሉ። ጎኑ ቁሙ። ሰው ከራሱ ጋር ሲነጋገር አታቋርጡት።

እኔ የሠራሁት ይህ ነው። ሳልማር ጸሐፊ ሆኛለሁ። ከጥሊሊ እስከ ዳንግላ ያለ ባለፈረስ በስሜ ይጠራኛል። ያገበያየኋቸው ሰዎች ገበያ ላይ ሲገናኙ ፊት አይዟዟሩም። “ለጋሪ አልሸጥም” ያለን ጋላቢ ከባለጋሪ ጋር አዛምጃለሁ። ሙላት ከልጆቹ ሳይለይ በጋሪው አሳድጓቸዋል። ገመዷም እስከ ዛሬ ዳንግላ፣ ሙላት ቤት፣ ምሰሶው ላይ ተሰቅላለች።